አማርኛ ልቦለድ ውስጥ ያለ ሥራቸው የሚደጋገሙ ቃላት፦ እናንተ የትኞቹን ነው የምታወጡት?

ረቂቅ ሁለት (ጠያቂዋ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። አጭር ልቦለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ክፍል አንድ ክፍል ሁለት እያልኩ ነው የምለቀው፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሚከታተሉኝ አንባቢዎች አሉኝ። ባለፈው እሁድ ታላቅ እህቴ ክፍል አስርን ቡና ላይ ጮክ ብላ ስታነብልን ግን ደነገጥኩ። በዓይኔ ሳነበው ምንም ያልነበረው ጽሑፍ በጆሮዬ ስሰማው አንድ ቦታ የሚረግጥ ሰው መሰለኝ፣ የሆኑ ቃላት እየተመላለሱ እየመጡ ጆሮዬን ነዘነዙኝ፣ እህቴ ምንም አላለችኝም እኔ ግን ታሪኩን ትቼ ቃላቱን መቁጠር ጀመርኩ።

ከዛ ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ስፈልግ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ዝርዝር አላቸው፣ «ጀስት»ን አውጣ «ቬሪ»ን አውጣ «ሰድንሊ»ን አውጣ የሚል። የኛን አቻቸውን እያሰብኩ «በጣም»ን ሙልጭ አድርጌ አወጣሁ፣ «በድንገት»ን አንድ ቦታ ብቻ ተውኩ፣ እህቴን በድጋሚ አስነበብኳት፣ ያው ነው። ክብደቱ አልቀነሰም። ስለዚህ የኛዎቹ ሌሎች ናቸው ማለት ነው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ለይቼ መያዝ አቃተኝ። ለምሳሌ ይሄን እዩልኝ፣ ልጅቷ ከቤሩት ከሰባት ዓመት በኋላ ስትመለስ ነው፦

«አልማዝ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ልቧ ድው ድው ማለት ጀመረ። እሷም በሩን ቀስ ብላ ገፋ አደረገችው። እናቷም ቡና እያፈሉ ነበር። ቀና አሉና አዩዋት። ለአፍታ ያህልም ዝም አሉ። ከዚያም በድንገት ብድግ አሉና «ልጄ» አሉ። እሷም በሚገርም ሁኔታ ምንም መናገር አልቻለችም ነበር። እናቷም እጃቸውን ዘርጋ አድርገው እቅፍ አደረጓት። የእሷም እንባ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንን ቀን ስትጠብቀው ነበር።»

ሳትራሩልኝ ንገሩኝ። ይሄ ቦታ የታሪኩ ልብ ነው፣ እንዲበላሽ አልፈልግም።

አርታኢዋ

እህቴ በመጀመሪያ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ እናትየው ቡና ሲያፈሉ መገኘታቸው ጥሩ ነው፣ እሱን ያዢው። እኔ የሰው ረቂቅ ሳርም አስራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፣ ያንቺ ችግር ከሚመጡልኝ ረቂቆች የአብዛኞቹ ችግር ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

የመጀመሪያው «አለ» ነው። በኛ ቋንቋ «አለ» ሁለት ሥራ አለው፣ አንዱ መናገር ነው፣ አንዱ ደግሞ ቀና አለ፣ ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ፈገግ አለ እያልን ሌላ ግስ የምንሠራበት ነው። አንቺ ጋ አራት «አሉ» አለ፦ ቀና አሉ፣ ዝም አሉ፣ ብድግ አሉ፣ «ልጄ» አሉ። ከአራቱ እናትየው እውነት የተናገሩት በአንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በታሪኩ ውስጥ ትልቁ ቃል ነው፣ ሰባት ዓመት የተጠበቀ ቃል ነው። ግን ሦስት «አሉ» ቀድመውት ስለመጡ ጆሮ አራተኛውን ከነሱ አይለየውም፣ «ልጄ» ከቀና ማለትና ከብድግ ማለት ጋር ተሰልፎ ያልፋል። እህትሽ ስታነብ የከበደሽ እሱ ነው። «አደረገ»ም እንደዛው፣ ገፋ አደረገች፣ ዘርጋ አድርገው፣ እቅፍ አደረጓት። ሦስት ጊዜ። ገፋች፣ ዘረጉ፣ አቀፏት ማለት ይበቃል።

ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ ሁሉንም አትጥረጊ። «ከፈት አደረገች» እና «ከፈተች» አንድ አይደሉም። ከፈት አደረገች ማለት ትንሽ፣ በስሱ፣ ዓይን የምታስገባውን ያህል ነው። «ክፍት አደረገች» ካልሽ ደግሞ ወለል አድርጋ በአንዴ ነው። ሰበር አለ እና ስብር አለ እንደሚለያዩት ማለቴ ነው፣ አንዱ ጎንበስ እንደማለት ነው፣ አንዱ አለቀለት። ይሄንን ያህል ትርጉም በሁለት ፊደል ለውጥ የሚሰጥ ነገር ይዘን እንደ ማጣበቂያ ማባከኑ ነው የሚያሳዝነኝ። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ነው፣ አልማዝ በሩን በርግጥ ትንሽ ብቻ ነው የገፋችው? ፈርታ ነው? ከሆነ ተዪው፣ «ቀስ ብላ» ግን ትውጣ፣ ገፋ አደረገች ውስጥ ቀስ ማለት አለ። «በድንገት ብድግ አሉ»ም እንደዛው፣ ብድግ ማለት ድንገት ነው፣ ቀስ ብሎ ብድግ ያለ ሰው የለም።

ሁለተኛው በዓይን የማይያዘው ነው፣ «ም»። እሷም፣ እናቷም፣ ያህልም፣ ከዚያም፣ የእሷም። ከአስር ዓረፍተ ነገር ሰባቱ ላይ አለች። «ም» ሥራ አላት፣ እገሌ መጣ እገሊትም መጣች ስንል ትጨምራለች፣ አንቺ ጋ ግን ምንም አትጨምርም፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ልጀምር ነው ብላ ደወል ነው የምትደውለው። ሰባት ጊዜ ደወል። ደግሞ «እሷ» ራሷ ለምን መጣች? ገፋችው ስትዪ እሷ እንደሆነች ግሱ ተናግሯል። አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ላይ ይዞት ይዞራል፣ ካልተምታታ በስተቀር ተለይቶ መጠራት አያስፈልገውም። እዚህ ልጅም እናትም ሴቶች ስለሆኑ ይምታታል ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ ደግሞ እናትየውን በአንቱ አድርገሻቸዋል፣ አዩዋት፣ አሉ፣ ብቻውን ይለያቸዋል።

«በሚገርም ሁኔታ» ሳይውል ሳያድር ይውጣ። ይሄ የዜና ቋንቋ ነው። በሚያሳዝን ሁኔታ፣ በአስደናቂ መልኩ፣ «የሚገኝ ሲሆን»፣ «የገለጸ ሲሆን»፣ እነዚህ ከቴሌቪዥን ዜና ወደ ልቦለድ እየፈሰሱ ነው፣ አሁን አሁን የፍቅር ደብዳቤ ውስጥ ሁሉ «ሲሆን» አያለሁ። አልማዝ መናገር አለመቻሏ የሚገርም ከሆነ አንባቢው ይገረም፣ አንቺ ቀድመሽ አትገረሚለት።

«ማለት ጀመረ» ደግሞ ሁለቴ አለ። ልቧ መምታት ከጀመረ የማያቆም ነገር ነው፣ «ልቧ ድው ድው አለ» በቂ ነው፣ እሱንም እኔ ብሆን አልጽፈውም ምክንያቱም በር ላይ የደረሰ ገጸ ባሕሪ ሁሉ ልቡ ድው ድው ይላል። መጀመር የግድ ካስፈለገሽ «ታለቅስ ጀመር» የሚለው የቆየው አካሄድ «ማልቀስ ጀመረች» ከሚለው ለጆሮ ይቀላል።

«ነበር» ላይ ሌላ ሰው ይምጣ፣ እጄ ደከመ።

ተራኪው

አርታኢዋ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፣ እኔ መጻሕፍት በድምፅ የምተርክ ሰው ነኝ፣ እና «ነበር»ን ልውሰደው።

«ነበር» ለአንደበት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ድምፅ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንድ ገጽ ላይ አስራ አምስት ነበር ካለ አስራ አምስት ጊዜ በአንድ ቃል ላይ አርፋለሁ፣ የሰሚው ጆሮ ይተኛል። እንደ እንቅልፍ ዜማ ነው የሚሆነው። ደራሲው ግን አይሰማውም ምክንያቱም ዓይን «ነበር»ን ዘሎት ያልፋል።

መድኃኒቱ ደግሞ ቋንቋው ውስጥ አለ። «ትፈጭ ነበር፣ ትጋግር ነበር፣ ውሃ ትቀዳ ነበር» የሚለውን «ትፈጭ፣ ትጋግር፣ ውሃ ትቀዳ ነበር» በሉት፣ አንዱ ነበር ሦስቱን ይሸከማል፣ እንደውም ሥራው እርስ በርሱ የተደራረበ፣ ሴትየዋ እረፍት ያጣች ያስመስለዋል። ሌላው ደግሞ ጊዜውን አንዴ ካስቀመጣችሁ ይበቃል፣ መጀመሪያ ላይ «ክረምት ነበር» ካላችሁኝ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ክረምት እንደሆነ አውቃለሁ። «ከዚያም»ም እንደዚሁ ነው፣ «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ» ስንል ምን ከምን ቀጥሎ እንደመጣ አንድም «ከዚያም» ሳይኖር ይታወቃል። ይሄ የቋንቋችን ትልቅ ስጦታ ነው። ትንፋሽ ሳይቆረጥ ሰውየውን ከአልጋው እስከ በር ታደርሱታላችሁ።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ያልሰማችሁ ካላችሁ ፈልጋችሁ ስሙ። እኔ ሙያውን የወደድኩት በሱ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ ግን ስትሰሙት አትደክሙም። ርዝመት አይደለም የሚያደክመው፣ የትም የማያደርስ ቃል ነው የሚያደክመው። ስለዚህ እህቴ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊ የሚልሽ ሰው ቢመጣ ቶሎ አትስሚው፣ ያንቺ ጽሑፍ ላይ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው ግን ከብደዋል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ «ለአፍታ ያህል ዝም አሉ» የሚለውን። ዝም ማለትን ለተራኪው ተዪለት። ነጥብ አድርጊና መስመር ውረጂ፣ እኔ ዝም እላለሁ።

የሐረር ልጅ

እኔ ትንሽ ልቃወም፣ በፍቅር ነው።

ሁሉም ሰው ቃል ስለማውጣት ሲያወራ እፈራለሁ ምክንያቱም አማርኛ ሲታጠብ ሲታጠብ ሕይወቱ አብሮ ይሄዳል። አያቴ ተረት ስትነግረን «ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ» ትል ነበር፣ አራት አምስት ጊዜ፣ እኛ ደግሞ ሰውየው ስንት አገር እንዳቋረጠ በዛች ድግግሞሽ ነበር የምናውቀው። አሁን ባለው የአርትኦት ዓይን ቢታይ ሦስቱ «ሲሄድ» ትርፍ ናቸው ተብለው ይሰረዛሉ፣ ሰውየው ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤት ይገባል።

በተለይ ንግግር ውስጥ ያሉትን እባካችሁ አትንኩ። እኮ፣ እንግዲህ፣ ኧረ፣ ደግሞ፣ ምን መሰለሽ፣ በቃ፣ እንትን። እነዚህ የሰውየው ትንፋሽ ናቸው። «መጣሁ» እና «መጣሁ እኮ» በፍጹም አንድ አይደሉም፣ ሁለተኛው ውስጥ «ለምን አላመንሽኝም ነበር» የሚል አለ። «እንግዲህ ምን ይደረግ» ያለ ሽማግሌ እና «ምን ይደረግ» ያለ ሽማግሌ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ የመጀመሪያው ተቀብሎታል፣ ሁለተኛው ገና እየጠየቀ ነው። የዕቃውን ስም ሲያጣ «እንትን… ያቺን እንትን አምጪ» የሚል አባት ስጽፍ እርጅናውን ሌላ ቦታ መጻፍ አያስፈልገኝም። የኛ ሰፈር ልጅ «አቦ» ካላለ የኛ ሰፈር ልጅ አይደለም፣ የአዲስ አበባው «ባክህ» ይላል፣ አንባቢው ማን ከየት እንደመጣ ሳይነገረው ያውቃል።

አንዴ አንድ ታሪኬን የወሰደ ሰው «እኮ»ዎቹን በሙሉ አውጥቶ መለሰልኝ። ገጸ ባሕሪዎቼ ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንድ ቢሮ የሚሠሩ ሆነው መጡ። ለሁለት ቀን ተበሳጭቼ ነበር።

አርታኢዋ

የሐረር ልጅ፣ በዚህ ካንተ ጋ ነኝ፣ ከልቤ። እኔም ንግግር ውስጥ ያለ «እኮ» ነክቼ አላውቅም። የማወጣው ትረካው ውስጥ ሲገባ ነው፣ ማለትም ተናጋሪ ሳይኖረው። «ፀሐይዋ እኮ ጠልቃ ነበር» ካልከኝ ማነው «እኮ» ያለው እላለሁ። ተራኪው ራሱ የሰፈር ሰው ሆኖ የሚያወራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንደዛ ማውራት አለበት፣ ክፍል ሦስት ላይ ትዝ ብሎት የሚመጣ መሆን የለበትም። የአያትህ «ሲሄድ ሲሄድ» ደግሞ ትርፍ አይደለም፣ መንገዱ ራሱ ነው፣ እሱን የሚሰርዝ አርታኢ እርሳሱን ያስቀምጥ።

ሜሪላንድ ነኝ

ስታነቡኝ አትፍረዱብኝ አማርኛዬ ትንሽ ዝጓል፣ አሜሪካ ሃያ ዓመት ሆኖኛል ግን የምጽፈው በአማርኛ ነው። ከውጭ የምንጽፍ ሰዎች ላይ የሚብስ ሌላ ነገር ስላለ ነው የገባሁት።

«አንድ» ነው። «አንድ ሰው በአንድ ካፌ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ መጽሐፍ ያነባል።» ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለአራት ዓመት እንደዚህ ስጽፍ ማንም አልነገረኝም። በእንግሊዝኛ ስም ብዙ ጊዜ ብቻውን ስለማይቆም ትንሿ «ኤ» ትቀድመዋለች፣ እኔ ሳላውቀው እሷን ወደ አማርኛ እያመጣሁ ነበር። «አንድ ሰው ካፌ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል» ማለት ነው የነበረብኝ፣ የመጀመሪያዋ «አንድ» የተረት በር ስለሆነች ትኑር። ከዛ ደግሞ «የእሷን እጅ በእሱ እጅ ያዘ»፣ እጇን ያዘ ነዋ፣ በእግሩ አይዝ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ ሳነብላት «ልጄ ቆንጆ ነው ግን ሌላ ሰው የጻፈልህ ይመስላል» አለችኝ። ያን ቀን አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። አሁን አንድ ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ለሷ ደውዬ ሳላነብ አልተኛም።

ኪቦርድ

የመፈለጊያውን ነገር ልጨምር ምክንያቱም ሁላችሁም አውጡ አውጡ ትላላችሁ እንጂ እንዴት እንደሚገኝ አልነገራችሁም። ወርድ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ብላችሁ «ነበር» ብትጽፉ ነበረን፣ ነበሩን፣ ነበረችን አያመጣላችሁም፣ ምክንያቱም ለኮምፒውተር ር እና ረ እና ሩ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ነበ» ብላችሁ ፈልጉ፣ ሁሉም ይመጣሉ። «አለ» ስትፈልጉ «አሉ»ን ለብቻ፣ «አልኩ»ን ለብቻ ፈልጉ። ብሎ ብላ ብለው ብዬን ባንዴ ለመያዝ ክፍት ቦታና «ብ» አድርጉ፣ ሌላ ነገርም ይዞ ይመጣል ግን ይሻላል። «ሁኔታ» ቀላል ነው። «ም» በጣም ከባድ ነው፣ «ም» እና ክፍት ቦታ ስትፈልጉ «ሰላም»፣ «ስም»፣ «አልመጣም» ሁሉ ይመጣሉ፣ እሷን በጆሮ እንጂ በማሽን አታገኟትም። ደግሞ ፊደላችሁን አንድ አድርጉ፣ አንዱ ገጽ ላይ ድምፅ ሌላው ላይ ድምጽ ከጻፋችሁ ግማሹን ብቻ ነው የምታገኙት።

ረቂቅ ሁለት (ጠያቂዋ)

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስት ቀን ዝም ያልኩት እየጻፍኩ ስለነበር ነው። መጀመሪያ ቃል ብቻ እያወጣሁ ሞከርኩ፣ ቀለለ ግን ባዶ ሆነብኝ፣ «ልቧ ድው ድው አለ» ሲወጣ በቦታው ምንም የለም። ከዛ ገባኝ፣ እኔ ያን ጊዜ እናትየውን አላየኋቸውም ነበር፣ ስላላየኋቸው ነው በቀና አሉ ብድግ አሉ የሞላሁት። ቁጭ ብዬ ራሴን በር ላይ አቁሜ አየኋቸው። የኛ እናት ቡና ስትቀዳ ሰው ከጠራት ዓይኗን ከሲኒው አታነሳም፣ እሱ ትዝ አለኝ። እንዲህ ሆነ፦

«አልማዝ የግቢውን በር ከፈት አድርጋ ቆመች። እናቷ በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ ረከቦቱ አጎንብሰው ቡና ይቀዳሉ። ቀና አሉ። ሲኒው ሞላ፣ ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ፣ ከረከቦቱ ቄጠማው ላይ ወረደ፣ እሳቸው ጀበናውን አልመለሱትም።

«ልጄ።»

ሰባት ዓመት በስልክ የሰማችው ድምፅ ነው። አልማዝ ሻንጣዋን መሬት ጥላ ጀበናውን ከእጃቸው ተቀበለች።»

«ከፈት አድርጋ»ን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ፈርታ ነው። «ቀና አሉ» አንዷን ብቻ ተውኩ። ማቀፉን አወጣሁት፣ ጀበናውን ከተቀበለች በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል ብዬ።

አርታኢዋ

ምንም አልነካም። «ልጄ» አሁን ብቻዋን ቆማለች፣ «አሉ» እንኳን አላስፈለጋትም።

ተራኪው

ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ሁለቴ። ከ«ሲኒው ሞላ» እስከ «አልመለሱትም» በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል፣ ከዛ መስመር ስትወርጂ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና እየሰማች ነበር፣ «እሺ ከዛስ?» አለችኝ። ክፍል አስራ አንድን መቼ ነው የምትለቂው?